ስለ ማክሰኞው ሽሮ፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጎልማሶች ልዩ ፍላጎት ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ማክሰኞና ቅዳሜ ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎችን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የውሃ ታንከሩ ተጠግኗል፤ ውርጩ ስለጀመረ ተማሪዎች ሹራብ ደርበው ይምጡ፤ የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሌላው ወሬ ይቆየን።

ጥቅምት 25 ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሽሮ በሚሠራበት የተግባር ትምህርት ላይ የአንድ ተማሪያችን ሁለት ጣቶች በድስት እንፋሎት ተለብልበዋል። መምህሯ ወዲያው እጁን ከቧንቧ ሥር አድርጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ ወስደነው ቅባት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጥቶ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሽሮ መቼ ነው?» የሚል ነበር። ይህን በዝርዝር የምጽፈው ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ ጠባሴ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጣት ሁለት እጅ ሆኖ፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ ሆስፒታል መተኛት ሆኖ ስለሰማሁት ነው። እናቱ ነገሩን እንዳለ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከ14 ተማሪዎች መካከል ማክሰኞ የሚመጡት 5 ብቻ ናቸው። ሰኞ ሁሉም አሉ። ረቡዕም አሉ። ስልክ ደውለን ስንጠይቅ «አሞት ነው» እንባላለን። ማክሰኞ ማክሰኞ እየጠበቀ የሚነሳ ጉንፋን በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን በምናስተምርበት ቀንም የሚመጡት ከግማሽ በታች ሆነዋል። ስለዚህ በስልክ ያልነገራችሁኝን ነገር ራሴ ልናገርና ራሴ ልመልስ።

አስቀድሜ ጥፋታችንን ልመን። በዚያ ቀን ምድጃው ዙሪያ አምስት ተማሪዎች ቆመው ነበር፤ መምህሯ ግን አንድ ናት። ልጁ ክዳኑን ወደ ራሱ ገልጦ ከፈተው፤ እንፋሎቱ የት ይሂድ? ክዳን አከፋፈት ራሱን የቻለ ደረጃ ሆኖ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊማሩት ይገባ ነበር፤ አልነበረም። አሁን አለ። ክዳኑ ወደ ግድግዳው እንጂ ወደ ፊት አይከፈትም፤ ምድጃ አጠገብ በአንድ ጊዜ ከሁለት ተማሪ በላይ አይቆምም። በዚህ ላይ የሚወቅሰን ወላጅ ቢኖር እውነቱን ነው።

«እንግዲያው ከእሳት አርቁልን» ለምትሉ ግን መልሴ ሌላ ነው። ያለነው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የብርድ ልብስ ከተማ ብንሆንም በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ልብስ ብቻውን አይበቃም፤ ከሰል የማይገባበት ቤት ስንት ነው? እናት ለቅሶ ቤት፣ አባት ሥራ ሲሄድ ከዚያ ከሰል ጋር ቤት የሚቀረው ማን ነው? የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም እንደሚገድል ያላስተማርነው ልጅ ሲበርደው ምድጃውን ወደ አልጋው ጠጋ አድርጎ በሩን ይዘጋል። እኛ ጋ ደግሞ የሚማረው ይህን ነው፦ ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፣ ቤት ከገባ በር ወይም መስኮት ይከፈታል፣ ከመኝታ በፊት ከነምድጃው ይወጣል። ሁልጊዜ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ በተግባር። ከእሳት አርቀን ያስቀመጥነው ሰው እሳት ያገኘ ቀን ማን ያስተምረዋል?

ሁለተኛው ነገር ፊደል ነው። አንዲት እናት ቢሮዬ ድረስ መጥተው «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ፊደል ይቁጠር ብዬ ነው እንጂ ሽንኩርት ይላጥ ብዬ ነው?» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ ልጃቸው ለምን ያህል ዓመት ሀ ሁ ሂ ሲል እንደኖረ አውቃለሁ። አሁን 23 ዓመቱ ነው። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወጣዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ «ወንዶች» እና «ሴቶች» የሚለውን መለየት አቅቶት፣ ለመጠየቅም አፍሮ፣ ልብሱን አበላሽቶ መጣ። ፊደሉ አፉ ላይ እንጂ እጁ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የምናስነብባቸው ቃላት ተለይተዋል፤ የራሱ ስም፣ ወንዶች፣ ሴቶች፣ አደጋ፣ መግቢያ፣ ዝግ ነው፣ ጨው፣ ስኳር።

ጨውና ስኳር ስላልኩ አንድ ነገር ልጨምር። «የምንልከውን የሽሮ ዱቄት መምህራኑ ይበሉታል» የሚል ሐሜት እንዳለ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ይበሉታል። ተማሪዎቹ ሠርተው የሚያቀርቡላቸውን፣ ከተማሪዎቹ ጋር፣ በአንድ ትሪ ይበሉታል። በመስከረም መጨረሻ ጨው መስሎት ስኳር የጨመረ ተማሪ ነበር፤ ያንንም በልተዋል፤ እኔም ጎርሻለሁ። ለማንም አልመኝም። በማግሥቱ ግን ያ ተማሪ ሁለቱን ዕቃዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ጨ» ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም። ለዚህ የወጣው ዱቄት ከበዛ ከደመወዜ ቁረጡት።

ሂሳብም አልቀረም፤ የተቀየረው ቦታው ነው። ቅዳሜ ገበያ የምንወጣው ለሽርሽር አይደለም። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ደምረውና ቀንሰው መልስ ማስላት አይችሉም፤ ምናልባት መቼም አይችሉም። ይህ ማለት ግን ዕድሜ ልካቸውን ብራቸውን በሙሉ ለባለሱቅ ዘርግተው «አንተው አንሳ» ይበሉ ማለት አይደለም። የምናስተምራቸው በአስር ብር መቁጠር ነው። ዋጋው «ሠላሳ ሰባት» ከተባለ ሠላሳን ሰምተህ ሦስት አስር ትቆጥራለህ፣ አንድ ትጨምራለህ፣ እጅህን ዘርግተህ መልስ ትጠብቃለህ። መልሱ ስንት እንደሆነ ባታውቅ እንኳ መልስ እንዳለህ ታውቃለህ። ብሮቹን ለጊዜው በቀለም ይለያሉ፤ አስሩ አረንጓዴ፣ መቶው ሰማያዊ፣ ሁለት መቶው ወይን ጠጅ። ቀለሙ ቁጥሩን እስኪያነቡት ድረስ መደገፊያ ነው። ይህን ደግሞ ከወረቀት በተሠራ የመለማመጃ ብር ክፍል ውስጥ ሞክረነዋል። ክፍል ውስጥ ሁሉም ጎበዝ ነበር፤ ሽንኩርት ሻጯ ፊት ግን ጠፋባቸው። እነዚህ ልጆች አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ ይዘውት መሄድ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ነው ቦታው ድረስ ወስደን የምናስተምረው።

«ገበያ ላይ ሰው ይስቅባቸዋል» ትላላችሁ። ይስቃል። መጀመሪያ ቀን ስቋል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ያቺው ሽንኩርት ሻጭ «ደንበኛዬ ዛሬ ቀረ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀርቶ ነበር፤ ቤተሰቡ አስቀርተውት።

«ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» ያላችሁኝ አባቶች አላችሁ። አክብሬያችሁ እመልሳለሁ። ከመንዝ ወጥቶ አዲስ አበባ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወንድ የሚበላው ማን ሠርቶለት ነው? ወታደር ቤት የነበራችሁ ደግሞ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

«ሴቷን የቤት ሠራተኛ ልታደርጓት ነው» ለሚለው ቀልድ የለኝም፤ ስጋቱ እውነት ስለሆነ። ዘመድ ቤት ተወስዳ ያለ ደመወዝ ስትፈጭና ስታጥብ የምትኖር፣ ከዚህም የከፋ የሚደርስባት ልጅ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ የሚጠብቃት ግን ምንም አለማወቋ አይደለም። ገላዋን ስትታጠብ በር መዝጋት፣ «እምቢ» ማለት፣ የሆነባትን ነገር ለማን እንደምትናገር ማወቅ፣ የሠራችበትን ብር በእጇ መቀበል፣ የእናቷን ስልክ ቁጥር በቃሏ መያዝ፤ የዓርብ ትምህርታችን ይኸው ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። ከሁላችሁም የምሰማው፣ ለመመለስም የሚከብደኝ ይህ ነው፦ «እኔ እያለሁ ምን ጎድሎበት?»

እናንተ እያላችሁ ምንም አይጎድልበትም። ይህን በየቀኑ አየዋለሁ። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሩ ተቆርጧል፣ ምሳ ዕቃው ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ የጫማው ማሰሪያም በእናት እጅ ግጥም ተደርጎ ታስሯል። እዚህ ላይ ነው የምንጣላው። ጫማ ማሰርን የምናስተምረው ከመጨረሻው ጀምረን ነው። መምህሯ ሁሉንም ታስርና የመጨረሻዋን ስባ ማጥበቅ ለእርሱ ትተውለታለች፤ እርሷን ሲችል ከእርሷ በፊት ያለችውን፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እርሱ ስለሆነ ደስ ብሎት ይነሳል። አንድ ተማሪ በዚህ መንገድ ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ዓርብ ከሰዓት ሁለቱንም ጫማውን ብቻውን አሰረ። መምህሯ አልቅሳለች። ሰኞ ጠዋት መጣ፤ የጫማው ማሰሪያ ተፈታና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቀኝ ጀመር። ሁለት ቀን ቤት ውሎ ስድስት ሳምንቱ ሄደ።

ጠዋት ጠዋት ጥድፊያ እንዳለ አውቃለሁ። እናት ለሥራ ትቸኩላለች፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል፣ እርሱ ደግሞ አንድ ሸሚዝ ለመቆለፍ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋቱን ተዉት። ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ፤ ሳህኑን ይጠብ፣ ወይም ካልሲውን። ያጠበው ሳህን ላይ ሽሮ ይቀራል። ልጁ ካልተኛ ደግማችሁ አትጠቡት፤ ያያል።

ከዕድሜ ጠገብ አባቶች አንዱ ባለፈው «እኔ ስሞት ወንድሙ አለለት» ብለውኛል። ወንድሙን አነጋግሬዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ነው የሚሠራው፤ ሦስት ልጆች አሉት። «እወስደዋለሁ መምህር፣ ግን ብቻውን ሽንት ቤት መሄድና ሳይጠፋ ሱቅ ደርሶ መምጣት ከቻለ ነው የሚቀለኝ» አለኝ። ለአባትየው ይህን ልነግራቸው አልደፈርኩም ነበር። አሁን ሳያፍሩ ያነቡታል ብዬ ጻፍኩት።

ትምህርቱን ፈረንጅ ያመጣው ነው የሚልም አልጠፋም። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 ላይ ራስን ችሎ በኅብረተሰብ መካከል መኖር፣ አንቀጽ 24 ላይ ደግሞ የኑሮ ክህሎት መማር መብት ሆነው ተቀምጠዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትንም ሰው ያጠቃልላል። መብቱ የልጃችሁ ነው፤ 18 ዓመት ካለፈው ደግሞ ማክሰኞ መምጣት ይፈልግ እንደሆነ እርሱንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠይቃችሁታል?

የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነው። የነቢያት ጾም ሰኞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በማግሥቱ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ ለወላጆች ክፍት ነው። ከልጃችሁ ጋር ኑ፤ አንድ ኩባያ የሽሮ ዱቄት ያዙ። ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር አዘጋጅተናል። እዚያ ተቀመጡ እንጂ ለማማሰል አትነሡ፤ እጃችሁ እንደሚበላችሁ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላም «ልጄ ማክሰኞ አይመጣም» የሚል ወላጅ በጽሑፍ ይስጠኝ፤ እቀበላለሁ፤ ጉንፋን ነው አትበሉኝ እንጂ።

በዚያ ቀን ድስቱ ላይ የሚቆመው ጣቱ የተለበለበው ተማሪ ነው። ክዳኑን ወደ ግድግዳው መክፈት ሳምንቱን ሙሉ በባዶ ድስት ሲለማመድ ከርሟል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር