ለደንበኞቻችን፦ የላላ የሳይክል ሄድሴት በነጻ ማጥበቅ ለምን አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ሄድሴት በር ላይ ማጥበቅ ቀርቷል» የሚለውን ወረቀት ከለጠፍን ወዲህ ብዙ ተብለናል። «ገንዘብ ለመዳችሁ» ያለን አለ። «ለዚች ነው?» ብሎ ሳይክሉን አዙሮ የሄደም አለ። የተናገሩት አዲስ ሰዎች ቢሆኑ ባልከፋኝ። ለተቀየማችሁ ሁሉ ይቅርታ። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሄድሴት ማለት የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ በፍሬሙ አንገት ውስጥ እንዲዞር ከላይና ከታች የተቀመጡት ኩሽኔታዎች ናቸው። ሲላላ፣ የፊት ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ሹካው ይንገጫገጫል። ምቱን የሚበላው ኩሽኔታው ነው። ሲቆይ የፍሬሙን አንገት ራሱን ያበላሻል። እናንተ ግን «በነጻ ያጠብቁልኛል» እያላችሁ፣ ጊዜ እስኪገኝ በላላው ትነዳላችሁ። ወደ እኛ የምትመጡትም በዚያው በላላው ነው። እኛ ቆመን እናጠብቃለን፤ ኩሽኔታው ያለቀ ከሆነ መልሶ ይላላል። ከዚያ «እነሱ ጋ አሠርቼው ነበር» ይባላል። እውነቱን ለመናገር፣ ከድካሙ ይልቅ የሚያመኝ ይቺ ናት።

ይህን ሙያ የተማርኩት ሰው ጋ ተቀጥሬ ነው። አለቃዬ ቁልፍ ከማስያዙ በፊት የላላን ነገር በጣት መለየት ነበር ያስተማረኝ። እናንተም ትችላላችሁ። የፊት ፍሬኑን ያዙ። የሌላውን እጅ ጣቶች የፍሬሙ አንገትና የላይኛው ሽፋን በሚገናኙበት ላይ አድርጉ። ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ። ጣታችሁ ስር እንቅስቃሴ ካለ ላልቷል። ዲስክ ፍሬን ያላችሁ አትሸወዱ፤ የፍሬን ሸራው በቤቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስም ያው ይመስላል። የፊት ጎማውን ወደ ጎን አዙራችሁ እንደገና ወዝውዙት፤ ያኔ ይለያል።

አሁን ወደ ማጥበቁ። መጀመሪያ የስቴሙን (መሪውን ከሹካው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል) ሁለት የጎን ብሎኖች አላሉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለችው የክዳን ብሎን መሪውን የያዘች ይመስለዋል። አይደለችም! ሥራዋ ኩሽኔታዎቹን ማመቅ ብቻ ነው፤ መሪውን የሚይዙት የጎኖቹ ናቸው። እነሱ ሳይላሉ ላይኛዋን ብትታገሏት፣ ከውስጥ ያለውን ባለኮከብ ዳዶ ከቦታው ከመንቀል ሌላ ትርፍ የለውም። የጎኖቹ ሲላሉ የክዳኗን ብሎን 1/8 ዙር ያህል አጥብቁ፣ ወዝውዙ፣ እንደገና ጥቂት አጥብቁ። እንቅስቃሴው በጠፋበት አቁሙ። ጉልበት አይጠይቅም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱት፤ መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መዞር አለበት። ካመነታ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ይህም ኩሽኔታ ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ ስቴሙን ከጎማው ጋር አቅኑና የጎን ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የማጥበቂያው ልክ ስቴሙ ላይ ተጽፏል፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ሳይደረግ እንዳትነዱ አደራ።

ክዳኑ እስከ መጨረሻ ጠብቆም የሚነቃነቅ ከሆነ፣ የሹካውን ዘንግ እየነካ ይሆናል። ዘንጉ ከስቴሙ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ከስቴሙ ስር የምትገባ አንዲት ቀጭን ቀለበት ትበቃዋለች። ቀለበቷን ኑ ውሰዱ፣ አናስከፍልም።

የድሮዎቹን ሄድሴቶች፣ ባለ ሁለት ትልልቅ ዳዶዎቹን፣ እንደ ወትሮው በር ላይ እናጠብቃለን። ቀጫጭን ትልልቅ ቁልፎች ይፈልጋሉ፤ ማንም ቤቱ የለውም። የሹካችሁ ዘንግ ካርቦን ከሆነም አትንኩት፣ አምጡት።

ካጠበቃችሁት በኋላ ቶሎ የሚላላ ወይም ሲዞር የሚቆረቁር ከሆነ ግን መፈታት አለበት። የምናስከፍለው ለዚህ ነው። ኪራይ ጨምሯል፣ ኩሽኔታ ጨምሯል፣ ግሪስ እንኳ ጨምሯል፤ የሠራተኞቼ ኑሮም እንደ እናንተው ነው። ጎማ መንፋት፣ ሰንሰለት መቀባት፣ ፍሬን ማየት እስካሁን በነጻ ነው። ለዚህ አንድም ሰው ደውሎ አመስግኖኝ አያውቅም፤ እንድታመሰግኑም አልጠበቅሁም። ሱቋን በባዶ እጄ ስከፍት የመጣችሁ እናንተ ናችሁና ውለታችሁ አለብኝ። እናንተም ግን ትንሽ እዘኑልኝ።

«አለን» የሚባለው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሌላችሁ ከእኛ ተዋሱ። ከፈለጋችሁ እዚሁ በራችን ላይ ሥሩት፣ አጠገባችሁ ቆሜ አያለሁ። ቁልፉን ብቻ መልሱልኝ፤ ባለ 5 ሚሊሜትሯ ወጥታ መቅረት ልማዷ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት