እህት ዓለም፣ ስለ ውሮ

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈና ነው። ይቅር በይኝ። ድመትሽን ውሮን መኪና ገጭቷት ግራ የፊት እግሯ ከነትከሻዋ መቆረጡን ስሰማ ግን ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም። «ከማስቆረጥ ባሳርፋት አይሻልም ነበር?» እያልሽ ትጨነቂያለሽ አሉኝ። ኧረ በፍጹም! ወደ እግሩ የሚሄደው ነርቭ ከተበጠሰ እግሩ በድን ነው። መሬት ለመሬት ይጎተታል፣ ስለማይሰማት ይቆስላል፣ ራሷም ታኝከዋለች። ሐኪሙ ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ጨምሮ ያወጣውም አለምክንያት አይደለም፤ ጉማጅ ቢተውላት በእሱ ልረግጥ እያለች ታቆስለው ነበር። አብዛኞቹ ድመቶች በአንድ ሁለት ቀን ይቆማሉ፣ በወር ገደማ ቤቱን ይዞሩታል። ያለችውን ሦስት እግር ቶሎ ትለምደዋለች፤ የሚያስቸግራት የቤቱ ወለልና የሰዉ ችኮላ ነው።

ከሁሉ በፊት ሕመሟን ጠብቂላት። ድመት ሲያማት አትጮህም፣ ትደበቃለች። ኩርርር ስትል ደህና ናት ብለሽ አትዘናጊ፤ እያመማትም ትላለች። ዓይኗን ጨፈን፣ ጆሮዎቿን ወደ ጎን ጣል፣ ራሷን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ኩርምት ካለች ማስታገሻው አልበቃትም ማለት ነውና ሐኪሙ ጋ ደውይ። ቡፕረኖርፊን የሚባለውን ማስታገሻ ሰጥቷት ከሆነ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጉንጯና ድዷ መካከል አንጠብጥቢላት። የሚሠራው ከአፏ ቆዳ ሲመጠጥ ነው፤ ከዋጠችው ኃይሉ ይቀንሳል። የዓይኗ ጥቁር ክብ ሰፍቶ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ ብታፈጥ አትደንግጪ፤ የመድኃኒቱ ነው።

አደራሽን፣ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት! የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር በበቂ የለውም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። የአንድ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ግማሹ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለእሷ አደገኛ ናቸው፤ ለሰው የተገዛ ማስታገሻ ከእሷ ይራቅ።

ቀጥሎ ምግብ። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ደውይ፤ ሦስተኛ ቀን አትጠብቂ። ድመት ስትጾም የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቱን ያስተጓጉለዋል፣ ወፍራም ከሆነች ደግሞ ይብሳል። የተቀቀለ ዶሮ ወይም ዓሣ በእጅ ላይ ለብ እስኪል አሙቂላት፤ ሽታው ሲነሳ ትቀርባለች። ከወጥ ላይ ያወጣሽውን ሥጋ ግን አጥበሽም ቢሆን አትስጫት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሱባታል፣ እሷ ደግሞ በአደጋውም በቀዶ ጥገናውም ደም አጥታለች። ቤታችሁ ጾም ቢሆንም ለእሷ ሥጋ ወይም ዓሣ ግድ ነው፤ በሽሮ አትድንም። ቁስሉን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የታሰረላት የፕላስቲክ ኮሌታ ከጎድጓዳ ሳህን እንዳትበላ ስለሚከለክላት በዝርግ ሳህን አቅርቢላት፣ ሳህኑንም 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርጊው። በአንድ የፊት እግር ወደ መሬት ማጎንበስ ይከብዳታል። ማስታገሻው ስለሚያደርቃት ሁለት ቀን ሰገራ ባትወጣ ብዙ አያስጨንቅም፤ ስታምጥ ካየሻት ወይም ሦስት ቀን ካለፈ ግን ለሐኪሙ ንገሪው።

ቁስሉን ጠዋትና ማታ በብርሃን እዪው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳሩ መቅላቱና ወይን ጠጅ መምሰሉ ያለ ነው። ከስፌቱ በታች ለስላሳ፣ ሲነኩት የማያማት የውሃ እብጠት ቢወጣም ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጠጣል፤ ለሐኪሙ አሳዪው እንጂ አታፍርጪው። ካተኮሰ፣ ከሸተተ፣ መግል ካወጣ ወይም ስፌቱ ከተከፈተ በዚያው ቀን ውሰጃት። አልኮልም ማርም ቅባትም አትቀቢበት፣ ውሃም አይንካው። የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ ስለሆነ ክሩን በአንድ ሌሊት ትጨርሰዋለች፤ ስለዚህ ፕላስቲኩ ስፌቱ እስኪወጣ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ አይውለቅ። «አሳዘነችኝ» ብሎ ለሌሊቱ ማውለቅ ነው ብዙ ስፌት ያስፈታው።

እነዚህን ሁለት ሳምንታት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አቆያት፣ አልጋና ወንበር የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። ሴራሚኩ ያዳልጣል፤ አንዴ ከወደቀች ፈርታ መንቀሳቀስ ትተዋለች። ከመኝታዋ እስከ ሳህኗና እስከ መጸዳጃዋ ምንጣፍ ወይም ኬሻ አንጥፊ፣ ጠርዙንም እንዳይንሸራተት በፕላስተር ያዢው። ለመጸዳጃ ሰፊ ሳፋ ውሰጂና አንዱን ጎን ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ቁረጪው። ቁስሉ እስኪደርቅ በአሸዋው ፋንታ የተቀዳደደ ጋዜጣ አድርጊበት፤ አሸዋ ስፌቱ ላይ ይለጠፋል። ስታነሻትም በብብቷ አትያዢ። አንድ እጅሽን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከቂጧ ሥር አድርጊ።

መዝለሉ ላይ ግን በደንብ አስቢበት። የፊት እግር ያጣች ድመት ወደ ላይ ለመዝለል ብዙም አትቸገርም፣ የሚያስፈነጥራት የኋላ እግሮቿ ናቸውና። ችግሩ መውረዱ ነው። ስትወርድ ክብደቷ ሁሉ በቀረው አንድ የፊት እግር ላይ ያርፋል፤ እግሩ ይታጠፍና አገጯ ወለሉን ይመታል። ስለዚህ ስፌቱ ከወጣ በኋላ ለምትወደው መስኮትና ለአልጋሽ ደረጃ አብጂላት፣ የእያንዳንዱ ከፍታ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽ፣ በገመድ አስረሽ፣ ላዩን በምንጣፍ ሸፍኚው። ከተነቃነቀ ሁለተኛ አትወጣበትም። የምታርፍበት ቦታ ላይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይኑር። ስትቆም የቀረውን እግሯን ወደ ደረቷ መሃል ስታስጠጋ ታያለሽ፤ አልተጣመመም፣ ሚዛኗን የምትጠብቀው እንዲያ ነው።

ሌላው ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ግራ ፊቷን የምታጥብበት መዳፍ ስለሌላት የግራ ዓይኗንና ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊላት። ጥፍሯን መሳያ እንጨት ቆሞ ከሆነ አጋድሚውና ቃጫ ገመድ ጠምጥሚበት፤ ቆማ መቧጠጥ ይከብዳታል። የቀረው መዳፍ ጥፍር በምንጣፉ እንዳይያዝ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጫፉን ቁረጪላት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቆዳዋ ድንገት እየተንቀጠቀጠ ዞራ የሌለውን እግር ልትነክስ ብትሞክር እልኸኝነት አይደለም፣ የነርቭ ሕመም ነው፤ ጋባፔንቲን የሚባል መድኃኒት አለና ሐኪሙን ጠይቂው። በየወሩም መዝኛት፤ 4 ኪሎ የነበረች ድመት ግማሽ ኪሎ ብትጨምር የሚሸከመው ያው የቀረው አንድ የፊት እግር ነው። ወደ ውጭም አትልቀቂያት፣ ከሰፈር ውሻ አታመልጥም።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ዛሬ ምን እንደበላች፣ ስንት ግራም ገደማ እንደሆነና ስፌቱ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። የቁስሉን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ከጎንና ከላይ አንስተሽ ላኪልኝ። ጆሮዋን ዳብሺልኝ፣ በቀኝ በኩል።

የምትናፍቅሽ እህትሽ