አባባ፣ ቀኑ ደርሶ አይደለም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ታናሼ ያነብልዎታል። ቀስ ብለህ አንብብ በሉልኝ፤ እሱ ሲያነብ የሚያባርሩት ነው የሚመስለው።

ባለፈው በስልክ "ያ ብስክሌተኛ ጓደኛዬ ሞተ" ስልዎ ትንሽ ዝም አሉና "ቀኑ ደርሶ ነው ልጄ። በቃ፣ አንቺም ተይው ይሄን ነገር" አሉኝ። ልመልስልዎ ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩም ተቆራረጠ። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይሆንም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው ልንገርዎ። "አንድ ፈረንጅ" ሆኖ እንዲቀርብዎ አልፈልግም።

ዌልስ ተወልዶ እዚህ ብሪስቶል የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ስልሳውን አልፏል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ጎማዬ ተንፍሶ ዝናብ ላይ ቆሜ ነው ያገኘኝ። ብስክሌቱን አጥር ላይ አስደግፎ ከመነዳሪውን አወጣ፤ ጉንጩ ላይ አስጠግቶ ነፋሱ የት ጋ እንደሚወጣ ፈለገ፤ ለጠፈው። ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ "ጎማሽ አልቋል፣ ቀይሪው" ብሎኝ ሄደ። በሌላ ቀን እዚያው መንገድ ላይ ስንገናኝ መጀመሪያ ያየው ጎማዬን ነበር።

እሱ ነው ኦዳክስ የሚባለውን ረጅም ጉዞ ያስለመደኝ። ውድድር አይደለም፤ አንደኛ የሚባል የለም። ርቀቱ ይነገርሃል፣ ሰዓቱ ይነገርሃል፣ በዚያ ውስጥ መድረስ ነው። 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል፣ 400 በ27 ሰዓት፣ 600 በ40 ሰዓት። ትንሽ ካርድ ይሰጡሃል፤ በየጣቢያው ማኅተም ይመታበታል። ጣቢያ በሌለበት ቤንዚን ማደያ ገብተህ ሙዝ ትገዛና ደረሰኙን ትይዛለህ። እርስዎ በጭነት መኪናዎ በየኬላው ወረቀት ሲያስመቱ እንደኖሩት ማለት ነው። ይህን ስነግረው ሳቀና "አባትሽ ከእኛ በፊት ኦዳክስ ነበሩ" አለ።

ሌሊት አብሮ ስለሄደ ሰው ለእርስዎ ምን አስረዳለሁ? እርስዎና ረዳትዎ ያውቁታል። ቀን የማይወራ ነገር ይወራል። እንቅልፍ ሲጥለን ገጠር የአውቶቡስ መጠበቂያ ውስጥ ገብተን አግዳሚው ላይ ጋደም እንላለን። ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ይቀሰቅሰኝና አንድ ቁራጭ አይብ በቢላ ቆርጦ ይሰጠኛል። አይቡ ሁልጊዜ በአሮጌ ካልሲ ነበር የሚጠቀለለው። ታጥቧል ይላል። እኔ አምኜው አላውቅም፤ ግን እበላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ነሐሴ ላይ ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስን አብረን ሄደናል። ከ1891 ጀምሮ ያለ መንገድ ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ፤ 1,200 ኪሎ ሜትር በ90 ሰዓት። ከፓሪስ አቅራቢያ ተነስተው ባሕር ዳርቻው ብሬስት ድረስ ሄደው መመለስ ነው። የገጠሩ ሰው ሌሊት በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ ቡናና ውሃ በነፃ ይሰጣል። ልክ ጥምቀት ነው የሚመስለው። በጉዞው ስም የተሰየመ እንደ ጎማ ክብ የሆነ ኬክ አለ፤ እሱ ሁለቱን በልቶ ሦስተኛውን ለሚስቱ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ጨፍልቆት መጣ።

ስለ እኛም ይጠይቀኝ ነበር። እርስዎ የነገሩኝን ነገርኩት፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት መሰለፋቸውን። አላወቀም ነበር፤ እቤቱ ሄዶ አንብቦ መጣ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን እሱ ነው የነገረኝ። ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደ ዕለት ደግሞ ደውሎ "እንኳን ደስ አለሽ!" አለኝ። ኤርትራዊ እኮ ነው ልለው አልኩና ተውኩት። ጎረቤት ነው፤ ደስታውን ተቀበልኩ።

አሁን ወደ አሟሟቱ ልምጣ።

ግንቦት ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ዌልስን ዞረን እሁድ የምንመለስበት የ400 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነበር። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ እሱ ራቅ ብሎ ቀድሞኛል፤ ዳገት ላይ ሁሌም ይቀድመኛል። ወደ ምሥራቅ፣ ከዌልስ ወደ እንግሊዝ ወደሚያሻግረው ሰቨርን ድልድይ እየሄድን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ኩርባ ዞሬ ስወጣ ፖሊስ መንገዱን ዘግቷል። "በሌላ በኩል ዙሪ" አለኝ። ከትከሻው ኋላ ቢጫ የኮርቻ ቦርሳ ሣር ላይ ወድቆ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

መኪናው ከኋላ ነው የመታው። ሾፌሩ አልጠጣም፣ አልሸሸም፤ ራሱ ነው አምቡላንስ የጠራው። ለፖሊስ የሰጠው ቃል አንድ ነው፦ "ፀሐይ ዓይኔን ያዘኝ፤ አላየሁትም።"

አባባ፣ ትዝ ይልዎታል? ትምህርት ተዘግቶ ጋቢና ውስጥ ይዘውኝ አሰብ የወረዱ ጊዜ? ያኔ አሰብ ገና አልተዘጋም። ባቲን በሌሊት አልፈን ወደ ሚሌ ስንወርድ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ወጣች። መስታወቱ አቧራ ነው፤ ከአቧራው ጋር ሆኖ መንገዱ ጠፋ፣ ነጭ ብቻ ሆነ። መኪናውን ከነተሳቢው ዳር አስያዙት። ረዳትዎ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ፤ ለሚመጣው ምልክት እንዲሆን ራቅ አድርጎ ደግሞ ድንጋይ ደረደረ፤ ከዚያ ሻይ ጣደ። የሚያልፉት ሾፌሮች ጡሩንባ እየነፉ ሳቁብዎ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ "ፈራህ እንዴ?" አለ። እርስዎ ብርጭቆዬ ላይ ስኳር እየጨመሩ "የማላየውን መንገድ አልነዳም" አሉ። ለእኔም ለረዳቱም አልነበረም፤ እንዲሁ ነው ያሉት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ተነሳን።

እንግዲህ እርስዎ ጭነት እየጠበቀዎት፣ ባለቤቱ እየተቆጣ፣ በኤንትሬ ፊያት፣ በዚያ ሙቀት የቆሙትን፣ ይኼ ሰው በአዲስ መኪና፣ በእሁድ ጠዋት መቆም አቃተው። ቢያንስ ፍጥነቱን መቀነስ። እዚህ አገር የመንገድ ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ፀሐይ ዓይንህን ከያዘህ ቀስ በል፣ ካስፈለገም ቁም ይላል። ብስክሌት ስታልፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ፣ ፍጥነትህ ከጨመረ ከዚያም በላይ ራቅ ይላል። ፀሐይዋ በየቀኑ በዚያ በኩል ነው የምትወጣው። ድንገት አልመጣችበትም።

ለዚህ ነው "ቀኑ ደርሶ ነው" ሲሉኝ የከፋኝ። ከእርስዎ አፍ ስለወጣ ነው ይበልጥ የከፋኝ። የእግዚአብሔርን ሥራ ልከራከር አይደለም፤ ድፍረት አይሁንብኝ። ግን ቀኑ ነው ስንል ሾፌሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ይወጣል፣ መንገዱ ይወጣል፤ ሟችና ቀኑ ብቻ ይቀራሉ። እርስዎ ታርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ መብራት አብርተው፣ ጡሩንባ እየነፉ፣ በአንደኛ ማርሽ ሲያዘግሙ የስንቱን ሰው ቀን አሳለፉ?

ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት አልደረሰም። ከ2022 ወዲህ እዚህ በአደገኛ አነዳድ ሰው የገደለ እስከ ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ይችላል። "ጥንቃቄ ማጉደል ነው" ከተባለ ግን ጣሪያው አምስት ዓመት ነው። የጓደኛዬ ሚስት የሁለቱንም ቁጥር መስማት አትፈልግም። እኔ ለሾፌሩ እስራት ተመኘሁለት ብል ውሸት ነው። መንጃ ፈቃዱን ግን ባይመልሱለት ደስ ይለኛል።

ስለ ቀብሩ ጠይቀውኝ ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ የሬሳው ምርመራ ሳያልቅ አይሰጡም። ከዚያ ደግሞ አቃጠሉት። ይህን ሲሰሙ እንደሚያማትቡ አውቃለሁ፤ እኔም አማትቤያለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ነው የተሰጠን፤ ቀጣዩ ለቀስተኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሬሳውን የያዘችው መኪና ቀስ ብላ እየሄደች እኛ በብስክሌት ከፊትም ከኋላም አጀብናት። ያ ጥሩ ነበር። ማንም ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም። ሳንድዊች በላን፣ ሻይ ጠጣን። እኔ እንባዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ እቤቴ ገባሁ።

የእኛ ሴቶች ሰምተው ለካ። በማግሥቱ ቤቴ ለቅሶ ደረሱኝ። ሽሮ የያዘች፣ ዳቦ የያዘች፣ ቡና የያዘች። አንዳቸውም አያውቁትም። ሚስቱን ጠርቻት ነበርና ስትገባ ሁሉም ተነስተው አቅፈዋት አለቀሱ። ደነገጠች። ወደ እኔ ዞር ብላ "ያውቁት ነበር እንዴ?" አለችኝ። አያውቁትም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች፤ ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እስከ ምሽት አልሄደችም። ሽሮውን ሁለቴ አስጨመረች።

የዚያን ቀን ካርዱን ይዛ ነበር የመጣችው። ፖሊስ በላስቲክ አድርጎ የመለሰላት ነው። ማኅተሞቹ በተርታ አሉ፤ የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ነው። የጉዞው አዘጋጅ ለክብሩ ማኅተሙን ልምታበት ብሏት እምቢ አለች። "አልደረሰም" አለች። "እንዳልደረሰ ይቀመጥ።"

ቦታው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ብስክሌት ከአጥሩ ጋር አስረናል። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ላይ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ቀለሙን ስንቀባ ሰንሰለቱ ላይ እንዳይነካ የተጠነቀቅነው ነገር! ማን ሊነዳው።

አሁን "ተይው" ላሉኝ። አባባ፣ አልተውም። በፊት ጓደኛዬን ራሱን ጠይቄው ነበር። ማይክ ሆል የሚባል ዓለምን በብስክሌት በ92 ቀን ባልሞላ ጊዜ የዞረ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አውስትራሊያ ውስጥ ከፍሪማንትል ሲድኒ 5,500 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ካንቤራ አጠገብ መኪና ገጭቶ ገደለው። ጉዞው ቆመ። ጓደኛዬ ያንን ሲያስታውስ ያዝን ነበር። "ታዲያ አንተ ለምን አትተውም?" አልኩት። "እኛ ከተውን መንገዱ ላይ የሚያዩት ብስክሌት ያንሳል፤ የሚቀጥለውን ጭራሽ አያዩትም" አለኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን ለውጫለሁ፤ በማለዳና በምሽት ፀሐይ ከኋላዬ ላለው ሾፌር ፊት ለፊት ስትሆን ወርጄ እቀመጣለሁ። ሻይ በፔርሙዝ ይዣለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይቆጡኝ። ታናሼ የነገረኝን ሰምቻለሁ። የጎረቤቱን ፒክአፕ ይዘው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ደርሰው ተመልሰዋል አሉ። በዚያ ዓይን! ዶክተሩ ሞራው ሁለቱንም ይዟል ካለዎ ስንት ጊዜ ሆነው? "መንገዱን በእጄ አውቀዋለሁ" ብለዋል አሉ። ያውቁታል። ዳር ዳር የሚሄደውን ልጅ ግን እጅዎ አያየውም።

ለሞራው ማስገፈፊያ የሚሆን ብር ልኬያለሁ። ታናሼ ቀጠሮ ያስይዝልዎታል። እስኪገፈፍ ቁልፉን አይንኩብኝ፤ ባለ ፒክአፑንም እኔ ራሴ ደውዬ አናግሬዋለሁ። እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። ጠዋት መንገድ ላይ ነኝ።

ልጅዎ