የልጆቹ ጣውላ ይጩህ፣ ቦታውን ግን እንምረጥለት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ ወይ? ባለፈው እትማችሁ አንድ የጎንደር ነዋሪ ስለ ሰፈራቸው ልጆች ያቀረቡትን አቤቱታ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ልጆቹ ጣውላ በገመድ አስረው እያሽከረከሩ ሰፈሩን እንደሚያስጮኹት ጽፈዋል። «ባዕድ አምልኮ ነው፣ ይከልከልልን» ብለዋል። እኔ አናጢ ነኝ። ልጆቹ ቁራጭ ጣውላ የሚለምኑት እኔን ስለሆነ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

ላላዩት ልንገራችሁ። ዕቃው አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጠባብና ስስ ጣውላ ነው። ዳርና ዳሩ በሞረድ ይሳሳል፣ አንዱ ጫፍ ይበሳል፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ሲባጎ ይታሰርበታል። አለቀ። ከራስ በላይ ሲያሽከረክሩት ጣውላው ክብ መዞሩ ብቻ አይደለም፣ እንደ እንዝርት በራሱም ላይ እየሾረ አየሩን ይመታዋል፣ ያ እንደ በሬ የሚያጓራው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ገመዱ እስኪበቃው ይከረራል። ከዚያ ለአፍታ ዝም ይልና በተቃራኒው መፈታት ይጀምራል። ድምፁ አንዴ የሚያይለው አንዴ የሚጠፋው ለዚህ ነው እንጂ ውስጡ የገባ ነገር ኖሮ አይደለም። ፈጠን አድርገው ሲያዞሩት ድምፁ ይቀጥናል፣ ሰፋ ያለ ጣውላ ሲሆን ደግሞ ይጎረንናል።

ባዕድ ነው ለተባለው፣ እስኪ የማን ነው? ፈረንሳይ ውስጥ ዶርዶኝ በሚባለው አካባቢ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ፣ በጭረት ያጌጠና ቀይ አፈር የተቀባ ተገኝቷል። ዕድሜው ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ነው። የጥንት ግሪኮች ሮምቦስ ይሉት ነበር። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች አላቸው፣ የአሜሪካ ናቫሆዎች አላቸው። ወደ እኛ አህጉር ስንመጣ የማሊ ዶጎኖች አላቸው፣ የደቡብ አፍሪካ ሳኖች ደግሞ ንብ ለማንቀሳቀስ ይጠቀሙበት እንደነበር ተጽፏል (ቀፎ ያላችሁ የገጠር ወንድሞቼ ሞክሩትና ንገሩን፣ እኔ ግን አጠገባችሁ አልቆምም)። እዚያው ደቡብ አፍሪካ ማትጀስ ሪቨርና ክላሲስ ሪቨር ከሚባሉ ቦታዎች በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ያላቸው የአጥንት ቁራጮች ተቆፍረው ወጥተዋል። ተመራማሪዎች የእነሱን ቅጂ ሠርተው ሲያሽከረክሩት ድምፅ ሰጥቷል፣ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽሑፉ ታትሟል። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ሲያሽከረክረው የኖረን ነገር ነው ለብቻው ባዕድ ያልነው።

አቤት ባዩ አንድ ነገር ላይ ግን እውነት አላቸው። ይህ ጣውላ በብዙ የአውስትራሊያ ጥንታዊ ሕዝቦች ዘንድ ቅዱስ ነው፣ በሥርዓት ያላለፉ ወንዶች ልጆችና ሴቶች እንዲያዩት የማይፈቀድበት ቦታም አለ። ስለዚህ ልጆቹ ከስልክ ላይ ያገኙትን የእነሱን ሥዕል ጣውላው ላይ ሲገለብጡ ሳይ አልወደድኩትም። የሰው አምልኮ መጫወቻ አይደረግም። የራሳችሁን ሐረግ ሳሉበት እላቸዋለሁ፣ ካልሆነም ባዶውን ተዉት። ድምፁ እንደሆነ አይለወጥም።

ደግሞስ እኛ ጎንደሬዎች በድምፅ መች እንታማለን! ለቡሄ ጅራፍ የማያጮህ ልጅ የት ነበር? የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው ጧ የሚለው፣ ያንን ሠፈር ለሠፈር እየዞርን ስናጮህ ማንም አቤት አላለም። የማሽላ ጠባቂውም ማማ ላይ ሆኖ ወንጭፉን ሲያጮህ ይውላል። ዛሬ ደግሞ ሞንታርቦ ደጃፍ ላይ ገትረን ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስንቀሰቅስ አድረን፣ በማግስቱ የልጅ ጣውላ ረበሸን ስንል፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት ይኸው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጣውላው ገመዱን በጥሶ ቢሄድስ? የሰው ዓይን ያጠፋል፣ ቀልድ አይደለም። ልጆቹ በብዛት የሚይዙት የተጣለ ቺፑድ ነው። ቺፑድ ደግሞ ቀዳዳው ጋ ይፈረፈራል፣ ሁለት ዙር ሳይሞላ ይበጠሳል። ኮምፔንሳቶ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ዋንዛ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለሞረድ ይመቻል፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ቀዳዳውን በስተው ሲጨርሱ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አለባቸው፣ አለዚያ ሹሉ ጠርዝ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይቆርጠዋል። ይህ ላይ ላዩን አይታይም። ቋጠሮውን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፣ ክሩ መሳሳትና ጸጉር ማውጣት ከጀመረ ያ ገመድ አብቅቶለታል፣ «አንዴ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። የናይለን ገመድ ደግሞ ቋጠሮው ይሾልካል፣ ድርብ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። በእጅ በኩል ያለውን ጫፍ ጣት ላይ ከመጠምጠም ትንሽ እንጨት አስሮ መጨበጥ ይሻላል፣ ገመዱ ሲከረር ጣት ያንቃል።

አንዳንዴ አሽከርክረው አሽከርክረው ድምፅ አልወጣ ይላቸዋል። ሲባጎውን መጀመሪያ በጣት ጥቂት ከረር አድርጎ መልቀቅ ነው መላው፣ ጣውላው ያኔ መሾር ይጀምራል።

ቦታን በተመለከተ ግን አቤት ባዩን እደግፋለሁ። ወፍራም ድምፅ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ብዙ አያግደውም። ቅዳሴ ላይ፣ የታመመ ሰው ባለበት ደጅ፣ ከመሸ በኋላ አይሆንም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢም አይሆንም፣ አህያ ከነጭነቱ ደንብሮ ባጃጅ ላይ ቢወጣ ማን ሊከፍል ነው? የምንኖርበትን ጊዜም እናውቀዋለን፣ ምንነቱ ያልታወቀ ድምፅ በምሽት ሲሰማ ልቡ የማይደነግጥ ጎንደሬ ዛሬ የለም። ልጆቹ ይህን አይረዱም አትበሉ፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው የለም እንጂ።

እስካሁን ያየሁት መፍትሔ መቀማት ብቻ ነው። አንድ ትምህርት ቤት የልጆቹን ጣውላ ሰብስቦ ማገዶ አድርጎታል፣ በሳምንቱ ልጆቹ ከቆሻሻ ገንዳ ቺፑድ ለቅመው ሌላ ሠሩ፣ ከፊተኛው የባሰና አደገኛ። መቀማቱ ምን ጠቀመ? የፊዚክስ መምህሩ ይህንኑ ጣውላ ክፍል ይዞ ቢገባ ስለ ድምፅ የሚያስተምረው ሞልቶ ተርፎታል። ሲቀርብ የሚቀጥነው ሲርቅ የሚወፍረው ለምንድን ነው ብሎ ቢጠይቃቸው እኮ፣ ያን ቀን ከክፍል የሚፎርፍ ተማሪ አይኖርም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ቀበሌው ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሜዳ ይፍቀድላቸው። ጎሃ በኩል ያለው ገላጣ ቦታ ጥሩ ነበር፣ ንፋሱም አለ፣ ቤትም ራቅ ይላል። ግንቡ አካባቢ ግን አይሞከርም፣ ጎብኚ ይበዛል፣ ድንጋዩም እንግልቱ ይበቃዋል። አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይዋል፣ በመካከላቸው እጅ ዘርግተው ከነገመዱ የማይነካኩበት ርቀት ይኑር፣ ተመልካች ከዚያም ይራቅ። ሰው ከጠፋ እኔ እውላለሁ፣ እሁድ ሱቄ ዝግ ነው።

ዋንዛውን ከቁራጩ በነፃ እሰጣለሁ፣ ገመዱን ወላጅ ይግዛ። አቤቱታውን የጻፉት ወንድሜም ጎራ ቢሉ ደስታዬ ነው፣ ለእርሳቸውም አንድ እሞርድላቸዋለሁ። ቺፑድ ይዞ ለሚመጣ ልጅ ግን ምሕረት የለኝም፣ እዚያው በር ላይ ነው የምቀማው።

አንድ አናጢ፣ ከጎንደር