አባዬ፣ ሌሊት ሙዚቃው የሚቆምብህ በኔ ነው

አባዬ እንዴት ነህ፣ ወገብህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ትንሹ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ቁርጥ አንተን፣ ትልቋ ደሞ ኳስ ጀምራለች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣኝ። ያ ሰማያዊ የሚበራው በድምፅ የሚታዘዝ ማጫወቻ፣ ውስጡ ያለችውን ሴትዮ ስሟን ጠርተህ የምትላትን ሁሉ ቀድቶ እኔ ስልክ ላይ አፑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቅዳሜ ለት ዘፈኖችህን ላስተካክል ገብቼ አገኘሁትና መስማት ጀመርኩ፣ ከዛ ማቆም አቃተኝ። «እባክሽ የኔ እመቤት፣ ጥላሁንን ክፈቺልኝ» ትላታለህ ደጋግመህ፣ እሷ ደሞ አማርኛ አታውቅም፣ ጥላሁን ስትላት የፈረንጅ ስም አድርጋ ነው የምትሰማህ።

አባዬ እኔን እባክሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? ደሴ ያን ካሴት በእስክሪብቶ ሳጠነጥን የበጠስኩብህ ለት 9 አመቴ ነበር። አልመታኸኝም፣ ግን እስከ ፋሲካ አላናገርከኝም፣ እማዬ መሀል ገብታ «አባትሽ እንዲህ ይልሻል» ስትል ከረመች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እና ያን ለስላሳ ድምፅህን ስሰማ ቀናሁ፣ በዕቃ ቀናሁ አባዬ።

ወንድሜ ማታ ከፍቶልህ የሚሄደው ሙዚቃ ሌሊት የሚቆመው ደሞ በኔ ነው። አካውንታችን አንድ ነው፣ በአንድ አካውንት በአንድ ጊዜ የሚጫወተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እኔ ዴንቨር እኩለ ሌሊት ከስራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ስከፍት አንተ ጋ ቨርጂኒያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይቋረጥብሃል። ይቅርታ። አሁን የራስህን አካውንት ከፍቼልሃለሁ፣ ዘፈኖችህን በሙሉ ዳዲ በሚል ስም ሰብስቤያቸዋለሁ፣ ጠርተሃት «ፕሌይ ማይ ፕሌይሊስት ዳዲ» ካልካት ይበቃል። እንዳትሰማህ ስትፈልግ የማይኩን ቁልፍ ተጫነው፣ ቀይ ይበራል። የተቀዳውንም አጥፍቼዋለሁ።

የማክሰኞውን ግን ማጥፋት አልሆነልኝም። ማክሰኞ እረፍት ነበርኩ፣ ምንም አልከፈትኩም። ጥላሁን ከኋላ እየዘፈነ ይሰማል፣ አንተ «ክፈቺልኝ እንጂ» ትላታለህ፣ 7 ጊዜ። መጨረሻ ላይ የእማዬን ስም ነው የጠራኸው።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፣ የወገብህ አይደለም። ረቡዕ ማታ እደርሳለሁ። አብሬህ እገባለሁ፣ የሚጠይቅህን አንተው ራስህ ትመልሳለህ፣ እኔ አፌን አልከፍትም። መድኃኒቶችህን ከነብልቃጣቸው በአንድ ፌስታል አድርጋቸው፣ በሩን ደሞ ከውስጥ እንዳትቀረቅረው፣ በጣም አምሽቼ ልመጣ እችላለሁ።

ልጅህ