ከችግኙ በፊት ጀሪካኑ ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት በገባ ቁጥር ጋዜጣችሁ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይዘግባል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ትልቅ ቁጥር መጥራት ወግ ሆኗል። በጅማ ሰፈሮች የአየር ንብረት ሥራ የምናስተባብር በጎ ፈቃደኞች ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ ቁጥር ነው፤ ስለ ጀሪካን።

ሒሳቡ ይህ ነው። በበጋ አንድ ለጋ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። 15 አባላት ያሉት ቡድን 300 ችግኝ ከተከለ በሳምንት 1,500 ሊትር ያስፈልገዋል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 75 ነው። ለአንድ ሰው 5 ይደርሰዋል፣ ይቻላል። ያው ቡድን በዘመቻው ሞቅታ 1,000 ችግኝ ወስዶ ከሆነ ግን የአንዱ ሰው ድርሻ ወደ 17 ጀሪካን ይጠጋል። ከኅዳር እስከ የካቲት በየሳምንቱ ይህን የሚሸከም በጎ ፈቃደኛ አናውቅም። «ጅማ ዝናብ አያጣትም» የሚል አይጠፋም፤ አባባሉ ለትልቅ ዛፍ ይሠራል፣ ሥሩ ገና ከጉድጓዱ ላልወጣ ችግኝ አይሠራም። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ችግኝ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት በጥር ወር ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። የችግኙ ብዛት ከዚያ ዝርዝር ይወጣል።

ውሃው ሩቅ ከሆነ ባዶ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይረዳል። ክዳኑን በመርፌ ይብሱት፣ ቂጡን ይቁረጡት፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ በአፉ ደፍተው ይቅበሩት። የጅማ ቀይ አፈር ቀዳዳውን ቶሎ ስለሚደፍነው ከመቀበሩ በፊት ክዳኑ በቁራጭ ጨርቅ ይጠቅለል። (ልጆች ሃይላንዱን ለጨዋታ እንደሚነቅሉት ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ለዚህ መላው ልጆቹን ራሳቸውን የሃይላንዱ ኃላፊ ማድረግ ነው።)

አተካከሉ ላይ የሚጠፋው ጥፋት ግን ውሃ አያድነውም። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 40 ሆኖ በግንቦት መቆፈር አለበት። በተከላው ዕለት ጠዋት ተቻኩሎ የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይዘልም። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይከመር፤ ሲሞላ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ችግኙ በዋዜማው ውሃ ይጠጣ፤ ደርቆ ከመጣ ላስቲኩ ሲወልቅ አፈሩ ተንዶ ሥሩን ይበጥሳል። ላስቲኩ በምላጭ ጎን ለጎን ተሰንጥቆ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። በዘመቻ ቀን ከነላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ መኖሩን የሚጠራጠር ካለ በየካቲት ከደረቁት መሐል አምስቱን ነቅሎ ይመልከት። ከሥር የተጠማዘዘው የሥር ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥ፤ አለዚያ እዚያው እየተሽከረከረ ያድግና ዛፉ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይወድቃል። የችግኙ አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ ከመሬት እኩል ይሁን። በተዳፋት ላይ ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ክትር ይሠራለታል፣ ውሃ በሚያቁር ሜዳ ላይ ግን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይተከላል።

ጉዝጓዝ ይልበስ፤ የቡና ገለባ ደግሞ በከተማችን ሞልቷል። ትኩሱን ግንዱ ሥር መከመር ግን ስህተት ነው። ሲብላላ ይግላል፣ አፈሩ ውስጥ ያለውንም ናይትሮጅን ይሻማል። ሁለት እጅ ገለባ ከአንድ እጅ እበት ጋር ይደባለቅ፣ በእፍኝ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ እስኪያወጣ ይርጠብ፣ በየሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲያወጣ ደርሷል። ክምሩ ከከረፋ ውሃ በዝቶበታል ወይም አየር አጥቷል፤ ካልሞቀ እበት አንሶታል። ሲለበስም ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ምስጥ የሚጀምረው ጉዝጓዙ ግንዱን ከሚነካበት ነው።

የት እንደሚተከል የምንለው ብዙዎችን ያስቆጣ ይሆናል። በቦዬ ረግረግ ላይ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም፤ ጎርፍ ያበርዳል፣ ደለል ያስቀራል፣ ሳይደርቅ እስከቆየ ድረስም በአፈሩ ካርቦን ይዞ ይቆያል። ባሕር ዛፍ የሚያደርገው ማድረቅ ነው። ከከተማዋ የሚታጠበው አፈር መጨረሻው የግልገል ጊቤ ተፋሰስ ነው፤ እዚያ ደግሞ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። በአዌቱ ወንዝ ዳር ሣርና ቀርከሃ፣ ወደ ጅሬን ኮረብታ በሚወጣው ተዳፋት ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብሳናና ጥቁር እንጨት ይሻላሉ። ዋንዛና ሰሳ ለቡና ጥላም ስለሚሆኑ ገበሬው ሳይለመን ይጠብቃቸዋል።

አሁን ስለ ሰዉ። የበጎ ፈቃድ ቡድን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ እጦት አይደለም። ብርቱ የሆነ አንድ ሰው ሁሉን ይይዛል፣ ይደክማል፣ ሥራ ያገኛል ወይም ከተማ ይለቃል፤ ስልክ ቁጥሩም መዝገቡም አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ኃላፊነት በስድስት ወር ያብቃ፣ ተተኪው ከመጨረሻው ሁለት ወር ጀምሮ አብሮ ይሥራ። ተማሪዎች ለጉድጓድ ቁፋሮ የማይተኩ ናቸው፤ በፈተናና በዕረፍት ግን ይበተናሉና የበጋው ውሃ ለነባር ነዋሪ ይሰጥ። ለዚህ ከዕድር የተሻለ መዋቅር አላየንም፤ ስም ዝርዝር አለው፣ ቅጣት አለው፣ የቀረውን ሰው ጎረቤቱ ይጠይቀዋል። ስብሰባ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይካሄድ፣ ከአርባ ደቂቃ አይለፍ፤ ሲያበቃም ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ጮክ ተብሎ ይነበብ። የፍየል ባለቤቶችም አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ይጠሩ፣ ከታጠረ በኋላ ሲጠሩ ለክስ የተጠሩ ይመስላቸዋል።

መዝገቡ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቁጥር፣ ዝርያ፣ ቦታ፣ ተንከባካቢ፣ ሁኔታ። ቆጠራው ሁለቴ ነው፣ በመስከረምና በመጋቢት። የመስከረሙ አያኩራራ፤ በዝናብ ውስጥ የሞተውም አረንጓዴ ይመስላል። በመጋቢት የጠፋው ሁሉ «ደረቀ» ተብሎ አይጻፍ፤ በከብት ተበላ፣ ምስጥ በላው፣ ውሃ አቆረበት፣ ከነላስቲኩ ተቀበረ ተብሎ ይለይ። በአንድ መስመር የተተከሉት በሙሉ ከሞቱ ጥፋቱ የቦታው ነው፤ እዚህም እዚያም ከሞቱ የተከላው ወይም የተንከባካቢው ነው። መተኪያ ችግኝ መጠየቅ ያለበት ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለጋዜጣችሁ ያለን ጥያቄ አንድ ነው። በሐምሌ ያተማችሁትን የተከላ ቁጥር አስቀምጡት፤ በመጋቢት ወደዚያው ቦታ ዘጋቢ ላኩና የቆመውን ቁጥር በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአካባቢ በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪዎች
ጅማ