ጉዳዩ፦ ለዋጋ ግምት ተሰጥቶ «አይነካም» ተብሎ ስለተበላሸው ዱልሲመር (የክር ሙዚቃ መሣሪያ) ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ።

በጽሑፍ የመጣሁት ስልኩ ስለሰለቸኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፤ እኔም እንደ አዲስ ከሀ እጀምራለሁ። ዕቃው እንዴት እጄ እንደገባና መቼ እንዳስረከብኩ ፋይላችሁ ውስጥ ስላለ አልደግመውም። በቀጥታ ወደ ሐሙሱ ጉዳይ ልግባ።

ዱልሲመሩን ሳስረክብ የተቀበለኝ ልጅ፣ «ምንም አንነካም። አይተን፣ ለክተን፣ ፎቶ አንስተን ግምቱን በጽሑፍ እንሰጥዎታለን» አለኝ። ደረሰኙ ላይ እንዲያሰፍረው ጠየቅሁት። «አይጸዳም፣ አይጠገንም፣ እንደመጣ ይመለሳል» ብሎ በእጁ ጽፎ ፈረመ። ኮፒውን አያይዤዋለሁ። እባክዎ ሌላውን ከማንበብዎ በፊት እሱን ይመልከቱት።

ሐሙስ ልወስደው ስመጣ ያው ልጅ ከውስጥ ይዞት ወጣ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ዕቃ መሰለኝ። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ከእንጨት የተቀረጹት መቃኛዎች የሉም። በእነሱ ቦታ የጊታር የብረት መቃኛ ገብቷል፤ እሱን ለማሰርም እንጨቱ እንደገና ተበስቷል። በልብ ቅርጽ በተቆረጠው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየሁ። ውስጡ የተለጠፈው የሠሪው ስም ያለበት ወረቀት ላይ ፈሳሽ ወርዶ ቀለሙ ፈስሷል። ስሙ እንደምንም ይነበባል። ቁጥሩና ቀኑ ግን የሉም።

«ምን አደረጋችሁት?» አልኩ።

«አሳመርንልዎት እንጂ! ለዚህ ደግሞ አላስከፈልንዎትም።»

«አይነካም ብለህ አልፈረምክልኝም?»

«ማዘር፣ እንደዚያ ቆሽሾ ማን ይገዛዋል? ይሄ እኮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ ነው።»

ሌሎች ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። መቃኛዎቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። «ተጥለው ይሆናል» አለኝ፤ ስልኩን እየነካካ። ኃላፊ ጥራልኝ አልኩት። ኃላፊው ከውስጥ ሳይወጡ፣ «ካልፈለገችው በ90 ዶላር እንወስድላታለን በላት» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አንድ ሰው ወጥቶ «ይቅርታ» ቢለኝ ይህ ደብዳቤ ምናልባት አይጻፍም ነበር።

የተበላሸው ምን እንደሆነ ያልገባችሁ ስለሚመስለኝ ላስረዳ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የጄትሮ አምበርጊ ነው። አምበርጊ ከ1895 እስከ 1971 የኖረ፣ በምሥራቅ ኬንታኪ ኖት ካውንቲ፣ ሂንድማን ውስጥ ዱልሲመር በእጁ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እዚያው በሂንድማን ሴትልመንት ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ አስተምሯል። ሙያውን ያገኘው ከ1871 ጀምሮ በዚያው አካባቢ ዱልሲመር ይሠራ ከነበረው ከጄምስ ኤድዋርድ ቶማስ ነው። ሁለቱም ለሥራቸው ቁጥር ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ያ ቁጥርና ቀን የዕቃው የልደት ወረቀት ነበር። ገዢም ሆነ ሙዚየም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቀጥሎ የሚታየው የመጀመሪያው ቀለም አለ ወይ፣ መቃኛዎቹ የራሱ ናቸው ወይ የሚለው ነው። እናንተ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጠፋችሁ። ዋጋ ገማች ነን የሚል ድርጅት ይህን አለማወቁ ያሳዝነኛል። አሮጌ ዕቃ ተፍቆ አዲስ ቫርኒሽ ሲቀባ ዋጋው እንደሚወድቅ ለማወቅ እኮ የዱልሲመር አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

የሰጣችሁኝ የግምት ወረቀትም ሌላ ጣጣ ነው። ርዕሱ ላይ «በመዶሻ የሚመታ ዱልሲመር» ይላል። ያ ሌላ መሣሪያ ነው። ቅርጹ ትራፒዞይድ ሆኖ ብዙ ክሮች አሉት፤ በሁለት ትናንሽ መዶሻዎች ይመታል። የእኔ ሦስት ክር ያለው፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱት የአፓላቺያ ተራሮች ዱልሲመር ነው። ክራር አምጥቼ መሰንቆ ብሎ እንደመመዝገብ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ፍሬቶቹ ክሮቹን ሁሉ አያዳርሱም፤ ሥራው አልተጠናቀቀም» ተብሎ እንደ ጉድለት ተጽፏል። ጉድለት አይደለም። ፍሬት ማለት ድምፁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ከክሩ ሥር በአግድም የሚተከለው ቀጭን ሽቦ ነው፤ የድሮ ሠሪዎች ከዜማው ክር ሥር ብቻ ነበር የሚያደርጉት። ተጫዋቹ በግራ እጁ ትንሽ እንጨት ይዞ በዚያ ክር ላይ ያንሸራትታል፤ በቀኙ በላባ ዘንግ ይመታል። የቀሩት ክሮች ሳይነኩ አብረው ያዜማሉ። አሠራሩ የዕድሜ ምልክት ነው። ግምቱን ከፍ ሊያደርግ የሚገባው ነገር ዝቅ አደረገው።

ለማነጻጸሪያ ያቀረባችኋቸውም ከፋብሪካ ተቆርጠው መጥተው ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ ዱልሲመሮች ናቸው። ዋጋቸውም ኢንተርኔት ላይ ሻጮች የጠየቁት እንጂ የተሸጡበት አይደለም። ሻጭ የፈለገውን መጥራት ይችላል። ገበያው የሚታወቀው ገዢ በከፈለው ነው። ይህን ለእናንተ እኔ ማስረዳት አልነበረብኝም።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን ያ የ90 ዶላር ነገር ነው። ዕቃውን የሚገምት ሰው ራሱ ገዢ ሆኖ ሲመጣ ግምቱን ማን ያምናል? ሆን ብላችሁ ዋጋ አወረዳችሁ አላልኩም። ግን ጥርጣሬ እንዲገባኝ ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ከዱልሲመሩ ጋር በጨርቅ ከረጢት ያስረከብኳቸው ያቺ ማንሸራተቻ እንጨትና የላባው ዘንግ አልተመለሱም። ከረጢቱም የለም። ደረሰኙ ላይ ግን ሁሉም ተመዝግበዋል። ለፎቶ ብላችሁ አስቀድሞ ያልተነገረኝን ገንዘብ ጨምራችሁ ቆርጣችኋል። ቀጠሮ ስትቀይሩም አትደውሉም፤ ሥራ አስፈቅጄ መጥቼ በሩ ተዘግቶ አግኝቻለሁ። ስሜንም ወረቀቱ ላይ አሳስታችሁ ጽፋችኋል።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። የእንጨት መቃኛዎቹ፣ ማንሸራተቻው፣ ላባውና ከረጢቱ ተፈልገው ይመለሱልኝ። ቆሻሻ ውስጥም ከሆኑ ይፈለጉ። የግምቱና የፎቶው ክፍያ በሙሉ ይመለስልኝ። ዱልሲመሩ ላይ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገውና በምን ፈሳሽ እንደጸዳ በድርጅቱ ማኅተም ተጽፎ ይሰጠኝ፤ የድሮ የክር መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ያንን ሳያውቅ ሊነካው አይገባም። የዚያን ባለሙያ ወጪም እናንተ ትሸፍናላችሁ። ይህን ስጽፍ ደግሞ ያ በቂ እንዳልሆነ ይታየኛል። የጠፋው ቁጥር በጥገና አይመለስም። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ግንኙነት የሌለው ገማች በፊትና አሁን ያለውን ዋጋ ያሰላ፤ ልዩነቱን ክፈሉ። ከማስረከቤ በፊት ወረቀቱን፣ ቀለሙንና መቃኛዎቹን በስልኬ አንስቻቸዋለሁ። ቁጥሩም ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመለክታለሁ። ከዚያም እስከ 5,000 ዶላር ያለውን ክርክር በሚያየው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት የአነስተኛ ጉዳዮች ችሎት እከሳለሁ። አገር ልጅ ናችሁ ብዬ ነው እስካሁን የታገሥኩት። መልሱን በስልክ አልቀበልም። በፖስታ ወይም በኢሜይል ይላክልኝ፤ የሚጽፍልኝም ኃላፊው ራሳቸው ይሁኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኙ ኮፒ፣ ከማስረከቤ በፊትና ከተረከብኩ በኋላ የተነሱ ፎቶዎች፣ የግምት ወረቀቱ